ሞተሩ ከምን እንደተሠራ ሳትለዩ አትንኩት

ብዙ ሞተር የሚበላሸው ተጠግኖ ከወጣ በኋላ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየሙን እንደ ጊዛ አድርጎ መሥራት ነው። ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀዳው ጥቁር ብረት፣ ታጋሽ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ቢቀቀል፣ በሽቦ ብሩሽ ቢፋቅ፣ ቡሎኑ በክንድ ግምት ቢጠብቅ ይችለዋል። አሉሚኒየም ይህን አይችልም። ቲታኒየምና ማግኒዚየም ደግሞ ጭራሽ የራሳቸው ዓመል አላቸው።

ሱፐርካር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው ያለ አይመስለንም። ነገር ግን የእነዚያ ሞተሮች ብረታ ብረት እኛ ጋ ካለው ቪትዝ፣ ኮሮላና አይሱዙ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የቅይጡ ዓይነትና የልኩ ጥበት ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ ፎርጅድ፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ፒስተንና «ቲታኒየም» የተባለ ቡሎን በኢንተርኔት ታዝዞ ኮምቦልቻ ድረስ ይመጣል፤ የመጣው ነገር የተባለው መሆኑን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል።

መለየት የሚጀምረው በማግኔት ነው

ከተቃጠለ ስፒከር ጀርባ የሚወጣ ማግኔት ይበቃል። ሦስት ቦታ አስጠጉት፦ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ላይ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው የብሎኩ ውጪ ላይ፣ የሲሊንደሩ ውስጥ። በድሮ ኮሮላ ውስጥ ያለው 4ኬ ሞተር ብሎኩ ይይዛል፣ ቴስታታው አይይዝም፤ ጊዛ ብሎክና አሉሚኒየም ቴስታታ ነው። የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ውጪው አይይዝም፣ የሲሊንደሩ ውስጥ ግን ይይዛል፤ አሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ ስስ የጊዛ ካሚቻ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ ተቀብሮበታል። ብሎኩ ላይኛ ፊት ላይ በሲሊንደሩ ዙሪያ የካሚቻውን ጠርዝ እንደ ቀለበት ታዩታላችሁ። ይህ ካሚቻ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን የማስገባቱ የድሮ ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም።

ውስጡም ውጪውም ካልያዘ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወይ ሲሊከን የበዛበት አሉሚኒየም ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የፖርሽ 928 ጀምሮ የታወቀው አሉሲል 17 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የሚንሸራተተውም በጠንካራዎቹ የሲሊከን ቅንጣቶች ላይ ነው። ወይ ደግሞ ኒካሲል ነው፤ ኒኬልና ሲሊከን ካርባይድ በስሱ የተለበጠበት። ኒኬሉ ማግኔትን በጥቂቱ ሊስብ ስለሚችል እንደ ጊዛ አጥብቆ ካልያዘ ተጠራጠሩ። ሁለቱንም ሲሊንደር በሚታሽበት ተራ የሆን ድንጋይ መፋቅ ሞተሩን መግደል ነው፤ ኒካሲል አልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል፣ አሉሲል ደግሞ ቅንጣቶቹን ገላጭ የሆነ የራሱ አጨራረስ አለው። ሌላው አሳሳች የኒሳን ጂቲ-አር ሞተር ነው። ካሚቻ የለውም፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በፕላዝማ ተረጭቶበታል። ማግኔት ይስበዋል፤ ካሚቻ አለ ብሎ ያሰፋው ሰው ሽፋኑን ጨርሶ አሉሚኒየም ላይ ይደርሳል።

ማግኔት ያልያዘውን ሚዛን ይለየዋል

ቲታኒየም፣ አሉሚኒየምና አንዳንድ የማይዝግ ብረት ማግኔት አይዛቸውም። ስለዚህ ክብደትን በይዘት ማካፈል ነው። የሚያስፈልገው እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና የስፌት ክር ነው። የበርበሬ ሚዛን ለትንሽ ዕቃ አይሆንም።

1. ዕቃውን ከቅባት አጽድታችሁ፣ አድርቃችሁ መዝኑ። ክብደቱን ጻፉ።
2. ብርጭቆውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ንባቡን ዜሮ አድርጉ።
3. ዕቃውን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ አስገቡት፤ ግርጌውንም ጎኑንም አይንካ። አረፋ ከተለጠፈበት ነቅነቅ አድርጉት።
4. አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዕቃው ይዘት በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ አካፍሉ።

ውጤቱ 1.8 አካባቢ ከሆነ ማግኒዚየም፣ 2.7 አሉሚኒየም፣ ከ4.4 እስከ 4.5 ቲታኒየም፣ 7.2 ገደማ ጊዛ፣ ከ7.8 እስከ 7.9 ስቲል ነው። ለውድ ማርሚታ የሚውለው ኢንኮኔል 625 የተባለ የኒኬል ቅይጥ ደግሞ 8.4 ነው።

አንድ ቫልቭ እንውሰድ። ደረቁን 52 ግራም መዘነ፣ ውሃ ውስጥ 6.6 አሳየ። 52 ለ6.6 ሲካፈል 7.9፣ ድፍን ስቲል ነው። መልኩም መጠኑም ያው የሆነ ሌላ ቫልቭ ውሃው ውስጥ 6.6 አሳይቶ ክብደቱ 29 ግራም ብቻ ከሆነ 4.4 ይመጣል፤ እውነተኛ ቲታኒየም ነው። ሦስተኛው 46 ግራም ከሆነስ? ውጤቱ 7 ገደማ ነው፤ የትኛውም የቫልቭ ስቲል እንዲህ ቀላል ስላልሆነ ውስጡ ክፍት ነው ማለት ነው። ይኼኛው ነው አደገኛው። ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም የተቀባ «ቲታኒየም» ቡሎንም በዚሁ መንገድ በሁለት ደቂቃ ይጋለጣል፤ 7.8 ካመጣ ያው ተራ ቡሎን ነው።

ውስጡ ክፍት የሆነ የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ይዟል። ሶዲየም በ98 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሞተሩ ሲሠራ ፈሳሹ ወደ ላይና ወደ ታች እየተናጠ የቫልቩን ጭንቅላት ሙቀት ወደ እግሩ ያወርደዋል። በከባድ ቱርቦ ሞተሮች የተለመደ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሶዲየም ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ይነዳል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ አሮጌ ቫልቭ ጥሩ መሮ ይወጣዋል ብላችሁ በግራይንደር አትቁረጡ፣ እሳት ውስጥ አትክተቱ፣ አትበይዱበት። ለቁራሌውም ከሌላ ብረት ጋር ቀላቅላችሁ አትስጡ፤ ቀጣዩ ሰው ማቅለጫ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

የጭስ ቫልቭ ላይ ማግኔት ግራ ቢያጋባችሁ አይግረማችሁ። ብዙዎቹ ከሁለት ብረት ተገጣጥመው የተበየዱ ናቸው፤ እግሩ ይይዛል፣ ሙቀት የሚችለው ጭንቅላቱ አይይዝም። ሐሰተኛ ዕቃ አይደለም።

የግራይንደር ብልጭታም ይረዳል፣ በጥንቃቄ ከሆነ። ተራ ስቲል ረጅም ቢጫ ብልጭታ ይረጫል፤ ካርቦን ሲበዛበት ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይበታተናል። ጊዛ አጭርና ቀላ ያለ ነው። ቲታኒየም ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው፣ አንዴ ያየው አይረሳውም። አሉሚኒየም ብልጭታ የለውም፣ ድንጋዩን ይደፍነዋል እንጂ። ማግኒዚየም መሆኑን የጠረጠራችሁትን ግን ግራይንደር ላይ ጭራሽ አታስጠጉ። ዱቄቱ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፣ ይብስበታል፤ ደረቅ አሸዋ ባልዲ አጠገባችሁ ይኑር።

ቴስታታው፣ ዳገቱና ውሃው

ይኼ ክፍል ረዘም ይላል፤ እዚህ አካባቢ ገንዘብ የሚበላው ቴስታታ ስለሆነ።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ደሴ ጠዋት በ10 ዲግሪ የተነሳ 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ 95 ዲግሪ ሲደርስ 0.78 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ያለው የጊዛ ብሎክ በዚያው ሙቀት የሚረዝመው 0.37 ብቻ ነው። የ0.4 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት በየቀኑ የሚሸከመው በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን ነው። ፊቱ ሻካራ ከሆነ በእያንዳንዱ ሙቀትና ቅዝቃዜ ጓርኒሲዮኑን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል።

በዚህ ላይ ከፍታውን ጨምሩበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ከ91 እስከ 92። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት ካልያዘ፣ ከሐረጎ ጫፍ ላይ በመደበኛው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያላችሁ ዕድል 10 ዲግሪ አይሞላም። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ይህን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል፤ ከዚያ ይልቅ ዋናው ጥቅሙ አሉሚኒየሙን ከመበላት መጠበቁ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሞተር የውሃ መውጫው አፍ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቀጥሎ ይቦረቡራል። የክዳኑ ዋጋ ከቴስታታ ጋር አይወዳደርም፤ መጀመሪያ ክዳኑን ለውጡ።

ቴስታታ ማውረዱ የግድ ከሆነ፦

ሞተሩ እጅ እስኪያስችል ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩስ አሉሚኒየም ቡሎኑ ሲለቀው ይጣመማል። ካንዴላም በትኩስ አሉሚኒየም ቴስታታ ላይ አይፈታም፤ ጥርሱን ይዞት ይወጣል። ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሐል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ፍቱ።

ማጽዳቱ በናፍጣ ወይም በላምባ፣ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ለጊዛ ብሎክ የምትጠቀሙበት የኮስቲክ ሶዳ በርሜል አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የሚፈላው አረፋ ቆሻሻው እየለቀቀ መሆኑ አይደለም፤ ሃይድሮጅን ነው፣ የሚሟሟውም ቴስታታው ራሱ ነው። ግራይንደር ላይ የሚገጠም የማጽጃ ዲስክም ሁለት ጉዳት አለው፦ ፊቱን ያጎደጉዳል፣ ከዲስኩ የሚረግፈው ጠንካራ ዱቄት ዘይት መንገድ ገብቶ ብሮንዚናውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን መቀመጫ) ይፈጫል።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ቅጠሎች) ይዛችሁ በስድስት መስመር ለኩ፤ በሁለቱ ረጅም ዳር፣ በሁለቱ አጭር ዳር፣ በሁለቱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። ቶዮታ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮቹ በብሎክ በኩል የሚፈቅደው ጥመት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ያስፈልጋል። ከማስላጋችሁ በፊት ግን ካምሻፍቱን ብቻውን አስገብታችሁ መያዣዎቹን በልካቸው አጥብቁና በእጅ አዙሩት። ከነከሰ ቴስታታው የተጣመመው ከላይም ጭምር ነው። የታችኛውን ፊት ማስላግ የላይኛውን አያቃናም፤ ካምሻፍቱ በኋላ ይሰበራል ወይ መቀመጫውን ይበላል። በዚህ የተቸገረ ሰው ጥፋቱን ሁልጊዜ በዘይቱ ያመካኛል።

ስንጥቅ ፈልጉ። የሚበዛው በሁለቱ የቫልቭ መቀመጫዎች መካከልና ከመቀመጫው ወደ ካንዴላው ቀዳዳ ነው። የውሃ መንገዶቹን ደፍናችሁ፣ አየር አስገብታችሁ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋ ጠብቁ። በቀዝቃዛ ውሃ የማይታይ ስንጥቅ ሲሞቅ ይከፈታል። የአርጎን ብየዳ ይቻላል፣ ነገር ግን ሙሉ ቴስታታው ቀድሞ መሞቅ አለበት፤ ከብየዳው በኋላ በዚያ አካባቢ ያለው አሉሚኒየም የነበረውን ጥንካሬ ያጣል። ክፉኛ አፍልቶ የሞቀ ቴስታታም እንዲሁ ይለሰልሳል። ምልክቱ የቡሎኑ ሮንደል ፊቱ ውስጥ ሰምጦ ቀለበት መተዉና ጥርሱ ሲጠብቅ መልቀቁ ነው። እንዲህ ያለውን ብታስልጉትም ትርፉ ድካም ነው።

የብሎኩን የቡሎን ጉድጓዶች ከዘይትና ከውሃ አድርቁ። ግርጌው የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ማምለጫ የለውም፤ ቡሎኑ ሲወርድ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ጥርሱንና የቡሎኑን አንገት ሥር ብቻ በቀጭኑ ዘይት ቀቡ። የ1ኤንዜድ-ኤፍኢ ቡሎን ከመሐል ወደ ዳር መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። ከ29ኙ በኋላ በእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ላይ በአንድ ወገን የቀለም ነጥብ አድርጉ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነጥቦች ወደ አንድ አቅጣጫ ግማሽ ዙር ዞረው መገኘት አለባቸው። ቡሎኑ በዲግሪ የሚጠብቀው በቶርክ ቁልፍ የሚሰጠው ጉልበት አብዛኛው ሰበቃ ላይ ስለሚያልቅ ነው፤ ዲግሪው የሚለካው የቡሎኑን መለጠጥ ነው።

ፒስተን፦ ፎርጅድ ሁሉ አንድ አይደለም

በኃይለኛ ሞተሮች ሁለት የፎርጅድ ቅይጦች ይገኛሉ። 4032 የተባለው 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው፤ ሲሞቅ ብዙ አይለጠጥም፣ ጥብብ ብሎ ይገጠማል። 2618 ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል፤ ለፍንዳታና ለቱርቦ የበለጠ ይታገሳል፣ ነገር ግን ይበልጥ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። 2618ን በፋብሪካ ፒስተን ክፍተት የገጠመ ሰው ሞተሩ በመጀመሪያው ዳገት ይነክሳል። በትክክለኛው ክፍተት የገጠመው ደግሞ በደሴ ጠዋት ብርድ ሞተሩ እስኪሞቅ ኳ ኳ ሲል ይሰማል፤ ብልሽት አይደለም። በየቀኑ ሐረጎን ለሚመላለስ መኪና ምርጫችን 4032 ወይም የፋብሪካው ፒስተን ነው። ክፍተቱን ከፒስተኑ ጋር በመጣው ወረቀት ሥሩ።

ስትለኩ ሙቀቱን አስቡ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆየ 75 ሚሊ ሜትር ፒስተን ከጥላው 15 ዲግሪ ቢበልጥ 0.02 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ይህ የአንዳንድ ሞተሮች የጠቅላላ ክፍተት ግማሽ ነው። ፒስተኑ፣ ብሎኩና ማይክሮሜትሩ አብረው ጥላ ሥር ይደሩና ጠዋት ለኩ።

ቢዬላና ምልክቱ

ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ቢዬላ በፋብሪካ መኪና ላይ ከቲታኒየም የተሠራው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 በሆንዳ ኤንኤስኤክስ ነበር። ክብደቱ ስለሚቀንስ ሞተሩ ከፍ ወዳለ ዙር ይወጣል። ነገር ግን ቲታኒየም ጭረት አይወድም፣ ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ጎኖቹ ይለበጣሉ። በጋራዥ የተለመደው የሲሊንደር ቁጥርን በጡጫ መምታት እዚህ ክልክል ነው፤ ስንጥቅ ከዚያች ነጥብ ይጀምራል። በቀለም ጻፉበት። ቅባት ሳይደረግ ቲታኒየም ቡሎን ቲታኒየም ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ይኸው ልማድ በተራ መኪናም ይጎዳል። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች የቢዬላው ቆብ በመጋዝ ሳይሆን በመስበር ነው የሚለየው። የተሰበረው ፊት ሻካራ ነው፣ ከአንድ ቦታ ጋር ብቻ ይገጥማል። ሞረድ አይነካውም፣ ከሌላው ቆብ ጋር አይቀያየርም።

ቱርቦና ሙቀት

የቡጋቲ ቬይሮን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ 8 ሊትር ሞተሩ ላይ አራት ቱርቦና አሥር ራዲያተር ነበረው፤ ኃይል ማመንጨቱ ሳይሆን ሙቀቱን የት መጣል እንደሚቻል ነበር ጭንቁ። የማክላረን ኤፍ1 የሞተር ክፍል በወርቅ ስስ ቅጠል የተለበጠውም ለዚሁ ነው፤ ወርቅ ሙቀትን አንጸባራቂ ነው። እኛ ወርቅ አንለጥፍም። በናፍጣ ከባድ መኪና ላይ ያለው የቱርቦ የጭስ መንኮራኩር ግን ብዙ ጊዜ ከላይ የጠቀስነው የኢንኮኔል፣ የኒኬል ቅይጥ፣ ቤተሰብ ነው።

መንኮራኩሩ ራሱ ሙቀቱን ይችላል። የማይችለው አጠገቡ ያለው ዘይት ነው። ዳገቱን ጨርሶ ወዲያው ሞተሩን የሚያጠፋ ሹፌር ዘይቱ ትኩስ ዘንግ ላይ ቆሞ እንዲያርር ያደርጋል፤ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ የዘይት ቀዳዳውን ይደፍናል። ደሴ ስትገቡ ሁለት ደቂቃ በባዶ አስነስታችሁ አቆዩት።

ስትፈቱት ነት፣ ዘንግና መንኮራኩሩን በአንድ መስመር በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የተመጣጠኑት አብረው ነው። ሲገጠሙም በዚያው መስመር ይመለሱ። ካርቦኑን ሌሊቱን በናፍጣ ዘፍዝፋችሁ በናይሎን ብሩሽ አጽዱ። የሽቦ ብሩሽና አሸዋ የሚረጭ ማሽን ከክንፉ ጠርዝ ሚዛን ያጎድላሉ፤ ትንሽ ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ያቺ ጉድለት ብሮንዚናውን ትደበድበዋለች፣ ዘይቱም በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል።